ዕጩዎቹ የተነገሩበት ዕለት

በየዓመቱ ጥምቀት አልፎ፣ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰው፣ ከተማው ጸጥ ማለት ሲጀምር በእኔ ቤት ሌላ ዓይነት ሽር ጉድ ይነሣል። ይኸውም በአሜሪካ አገር ለኦስካር ሽልማት የሚታጩት ፊልሞችና የፊልም ሠራተኞች ስም ዝርዝር የሚነበብበት ቀን ስለሚቃረብ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን አመሌን ስለሚያውቁ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ እነማን ታጩ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አልቀየማቸውም። የአንዱ ልብ በኳስ፣ የሌላው በሎተሪ እንደሚንጠለጠል ሁሉ የእኔም ልብ ከልጅነቴ ጀምሮ በፊልም ላይ ተንጠልጥላ የቀረች ናት።

አንድ አሮጌ ደብተር አለኝ። ሽፋኑ ከመገላበጥ ብዛት ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። በየገጹ መካከል በማስመሪያ የተሰመረ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በስተግራ ይታጫሉ ብዬ የምገምታቸውን ስሞች አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ በስተቀኝ ያለውን ግን ባዶውን እተወዋለሁ። ዝርዝሩ ከተነበበ በኋላ በዚያ ባዶ ቦታ የምጽፈው የታጩትን ሳይሆን የቀሩትን ነው። ሌሎች ሰዎች ስም ዝርዝር ሲያነቡ ያለውን ስም ያያሉ፤ እኔ ግን የሌለውን እፈልጋለሁ። ይህ ልማድ ከወዴት እንደመጣብኝ ለብዙ ዘመን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እዚህ የምጽፈው ስለ 2016 ዓ.ም. ዝርዝር ነው። ዕለቱ ጥር 14 ቀን፣ ማክሰኞ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 2024 መሆኑ ነው። በካሊፎርኒያ ገና ሳይነጋ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለት ተዋንያን መድረክ ላይ ቆመው ስሞቹን ማንበብ ሲጀምሩ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እኔም ተማሪዎቼን አሰናብቼ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት በብብቴ ይዤ፣ እየሮጥሁ ለማለት በሚያስደፍር እርምጃ ቤቴ ደረስሁ። ልጄ ስልኳን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን አልጋ ላይ ወርውሬ፣ ደብተሬን ገልጬ ተቀመጥሁ።

ስለ ውድድሩ አንድ ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ በ1927 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሽልማት ሥነ ሥርዓት በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ የሆሊውድ ሆቴል የራት ግብዣ ላይ ተካሂዶ የተጠናቀቀው በ15 ደቂቃ ገደማ ነበር። ዛሬ አባላቱ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። በዕጩነት የሚመርጡት ግን በየሙያቸው ተከፍለው ነው፤ ተዋንያንን ተዋንያን ያጫሉ፤ ዳይሬክተሮችን ዳይሬክተሮች ያጫሉ፤ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ግን ሁሉም በአንድነት ያጫሉ። ለምርጥ ፊልም የተዘጋጀው ወንበር 10 ሲሆን ለዳይሬክተር የተዘጋጀው 5 ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ፊልም በምርጥነት ታጭቶ የሠራው ሰው ግን ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። የዚያን ዕለትም በቤታችን ጠብ ያስነሣው ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ብዙ ዕጩነት ያገኘው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፐንሃይመር» ነበር፤ 13። የአቶሚክ ቦምብን ሥራ ስለመራው ሳይንቲስት የሚናገር ፊልም ነው። ቀጥሎም «ፑር ቲንግስ» 11፣ የማርቲን ስኮርሲዝ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 10፣ «ባርቢ» ደግሞ 8 አገኙ። ስለ «ኦፐንሃይመር» ብዙ የምለው የለኝም። ታላቅ ፊልም ነው፤ ታላቅነቱንም ራሱ ያውቃል። ያሸንፋል ብዬ በደብተሬ የጻፍሁት ሳላመነታ ነበር፤ ሳላመነታ የምጽፈው ነገር ግን ደስታ ሰጥቶኝ አያውቅም።

የዳይሬክተሮቹ አምስት ስም ተነቦ ባለቀ ጊዜ ልጄ ብድግ አለች። የ«ባርቢ» ዳይሬክተር ግሬታ ገርዊግ አልተጠራችም። አሻንጉሊቷን ሆና የተጫወተችው ማርጎት ሮቢም ከመሪ ተዋንያት መካከል አልነበረችም። የአሻንጉሊቷን ወንድ ጓደኛ ሆኖ የተጫወተው ራያን ጎስሊንግ ግን በረዳት ተዋናይነት ታጨ።

«አየህ አባዬ!» አለችኝ ልጄ፣ ፊልሙን የሠራሁት እኔ ይመስል። «ስለ ሴቶች መዘንጋት በተሠራ ፊልም ወንዱን አጭተው ሴቶቹን ረሷቸው!»

እኔም የመምህርነት አመሌ ተነሥቶብኝ ስለ 10 ወንበርና ስለ 5 ወንበር፣ ስለ አመራረጡም ሥርዓት አብራራሁላት። ገርዊግ በፊልም ድርሰት፣ ሮቢም በአምራችነቷ ለምርጥ ፊልም መታጨታቸውን ነገርኋት። ከአምስቱ ዳይሬክተሮች አንዷ፣ «አናቶሚ ኦቭ ኤ ፎል» የተባለውን የሠራችው ፈረንሳዊቷ ዡስቲን ትሪዬ ሴት መሆኗንም አስታወስኋት። ልጄ እስክጨርስ ድረስ ጠበቀችኝ።

«በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ሴቶች በዳይሬክተርነት ታጭተዋል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ደብተሬን አገላብጬ ቆጠርሁ። ትሪዬ 8ኛዋ ነበረች። ሽልማቱ ከተጀመረ 96ኛው ጊዜ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ራሴው ቆጥሬ ራሴው ተሸነፍሁ። ጎስሊንግም በዚያው ዕለት ስለ ዕጩነቱ አመስግኖ፣ ያለ ሁለቱ ሴቶች ፊልሙ ሊኖር እንደማይችልና በመቅረታቸው ማዘኑን ገለጠ። ልጄ ይህን ስታነብልኝ ድምፅዋ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ «ባርቢ»ን አላየሁትም ነበር። የአሻንጉሊት ፊልም ነው ብዬ ንቄው ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ሳየው ግን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አንድ ጊዜም ዝም አልሁ። ሆኖም ትሪዬን አስነሥቼ ገርዊግን አላስቀምጥም። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከዝርዝሩ ሁሉ ልቤን ያሞቀው የሊሊ ግላድስተን ስም ነበር። ከዩናይትድ ስቴትስ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆነች ሴት በመሪ ተዋናይነት ስትታጭ የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። የተጫወተችበት የስኮርሲዝ ፊልም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ግዛት የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። የኦሴጅ ሕዝብ በምድሩ ነዳጅ ዘይት ተገኝቶ ሲበለጽግ፣ ነጮች ሀብቱን ለመውረስ ሲሉ እየተጋቡ፣ እየተወዳጁ፣ አንድ ባንድ ገደሏቸው። ፊልሙ ከ3 ሰዓት ተኩል የሚጎድለው በ4 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ርዝመት ግላድስተን የምትናገረው ጥቂት ነው። ባሏ የሚያቀርብላትን መድኃኒት በጥርጣሬም በፍቅርም እያየች ስትቀበል፣ ፊቷ ላይ የሚያልፈውን ነገር በቃላት ልጽፈው ብሞክር አልችልም። ስኮርሲዝ በ81 ዓመታቸው ለ10ኛ ጊዜ በዳይሬክተርነት ታጭተው ከታጩት ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ሆኑ። ባሏን ሆኖ የተጫወተው ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ግን አልታጨም። የእርሱን ስም በደብተሬ በስተቀኝ በኩል ስጽፍ ፈገግ አልሁ፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ሲጻፍ የመጀመሪያው ስላልነበረ ነው።

ይህንን ለማስረዳት ስለ ጓደኛዬ መናገር ይኖርብኛል።

ጓደኛዬና እኔ በአንድ ሰፈር ተወልደን፣ በአንድ ክፍል ተምረን ያደግን ነን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እግራችን የሚወስደን ፒያሳ ወደሚገኘው ሲኒማ ኢትዮጵያ ነበር። የመግቢያ ገንዘብ ለሁለታችን ሞልቶ የሚገኘው ከስንት አንድ ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያጠራቀምነው ሳንቲም ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ይሆናል። ስለዚህ ከበሩ ፊት ቆመን፣ አንዲቱን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን፣ ማን እንደሚገባ ዕጣ እናወጣ ነበር። ዕጣው የወጣለት ይገባል፤ ያልወጣለት በአጥር ጥግ ቁጭ ብሎ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን ሙዚቃና የሰዉን ጩኸት እያዳመጠ ይጠብቃል። የገባው ሰው ግን አንድ ግዴታ ነበረበት፤ ሲወጣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ እየተራመደ መተረክ።

ጓደኛዬ የተዋጣለት ተራኪ ነበር። የፈረሱን ኮቴ በምላሱ ያሰማል፤ የሴቲቱን ልቅሶ በትከሻው ያሳያል። አንዳንዴም ሳየው ከሰማሁት ያነሰብኝ ፊልም ነበር። እኔ ግን ስተርክ ፍጻሜውን ቀድሜ እየተናገርሁ አበላሽበት ስለነበር «አንተ ስትገባ ለሁለታችንም ኪሣራ ነው» ይለኝ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ወሬ ሰፈራችንን ባጥለቀለቀ ጊዜ ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ በአንድ እስክሪብቶ እየተቀባበልን ማመልከቻችንን ጽፈን፣ በአንድ ቀን ፖስታ ቤት አስገባን። የእርሱ ስም ወጣ። የእኔ አልወጣም። በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ሄደ። ቦሌ ልሸኘው በሄድሁ ጊዜ ስለ ፊልም እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ለካንስ ሰው ሆዱ ሲሞላ አፉ ተራ ነገር ነው የሚያወራው።

ከዓመት በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ፣ ከሜሪላንድ አንድ ወፍራም ፖስታ ደረሰኝ። በውስጡም ከጋዜጣ የተቀደደ የኦስካር ዕጩዎች ዝርዝርና ስምንት ገጽ ደብዳቤ ነበረበት። «ታይታኒክ» 14 ዕጩነት ያገኘበት ዓመት ነበር። ጓደኛዬ በደብዳቤው ፊልሙን ከመርከቡ መነሣት እስከ መስጠሙ ድረስ ተረከልኝ፤ በመጨረሻም «መሪ ተዋናዩን ሊዮናርዶን ግን ትተውታል፤ ይህ ግፍ ነው!» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ያን ዕለት ደብተሩን ገዛሁ። በስተቀኝ በኩል የጻፍሁት የመጀመሪያው ስም የሊዮናርዶ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ አስቀድሞ በደብዳቤ፣ በኋላም በስልክ፣ ግምታችንን ስንለዋወጥ ኖርን።

ወደ 2016 ዓ.ም. ልመለስ። ዝርዝሩ ከመነበቡ ከወራት በፊት ጓደኛዬ ደውሎ «ፓስት ላይቭስ» የሚባል ፊልም እንዳይ ነገረኝ። «ያለፉ ሕይወቶች» እንደ ማለት ነው። እንደ ልማዱ ይተርክልኛል ብዬ ስጠብቅ «ይህን አልተርክልህም። ራስህ እየው። አይተህ ስትጨርስ ደውልልኝ» አለኝ። ልጄ በኮምፒዩተሯ አምጥታልኝ አየሁት። አይቼም ለሦስት ሳምንት ሳልደውልለት ቀረሁ።

ፊልሙን የሠራችው ሴሊን ሶንግ የተባለች፣ በኮሪያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ካናዳ የተሰደደች ደራሲ ናት፤ የመጀመሪያ ፊልሟም ነው። በሴኡል የሚኖሩ የ12 ዓመት ልጆች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ከትምህርት ቤት አብረው ይመለሳሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ሊሰደድ ነው። መንገዱ በሚለያይበት ቦታ እርሷ ደረጃውን ትወጣለች፤ እርሱ በጠባቡ መንገድ ይቀጥላል። ከዚያም ከ12 ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ተፈላልገው ይነጋገራሉ፤ እንደገናም 12 ዓመት አልፎ ልጁ ኒውዮርክ ድረስ ሊያያት ይመጣል። እርሷ አግብታለች። የሚጣላ ሰው የለም፤ የሚሞት የለም። በመጨረሻው ላይ ሁለቱ መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቃሉ፤ አይነጋገሩም። መኪናው ይመጣል። ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው። እኔ ቦሌን አሰብሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ልቤን ነክቶኛል። ልጅቷ ለምን አገር እንደምትለቅ ስትጠየቅ፣ ኮሪያውያን የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አያገኙምና ትላለች። ካደገች በኋላ ልጁ የትኛውን ሽልማት እንደምትመኝ ሲጠይቃት፣ የጋዜጠኞችና የደራሲያን የሆነውን የፑሊትዘር ሽልማት ትጠራለታለች። ከሌላ 12 ዓመት በኋላ ሲጠይቃት ደግሞ በኒውዮርክ ለቴአትር ስለሚሰጠው የቶኒ ሽልማት ትነግረዋለች። ተመልካች በዚህ ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ሰው ከአገሩ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ምኞት በየዓመቱ እንዴት ቅርጹን እንደሚለዋውጥ በእነዚህ ሦስት ስሞች ብቻ ታሳያለች። (ፊልሙ ከወጣ ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኮሪያዋ ደራሲ ሃን ካንግ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘች። ያችን ትንሽ ልጅ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።)

በዚያ ማክሰኞ «ፓስት ላይቭስ» በሁለት ዘርፍ ታጨ፤ በምርጥ ፊልምና በወጥ የፊልም ድርሰት። ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ ሶንግ በዳይሬክተርነት፣ ያቺን ሴት ሆና የተጫወተችው ግሬታ ሊም በመሪ ተዋናይነት አልታጩም። ዝም ማለትን የሚጫወት ተዋናይ ብዙ ጊዜ አይታጭም፤ ግላድስተን ልዩ ሆና ነው። ሁለቱንም ስሞች በስተቀኝ ጻፍኋቸው።

ስለ አፍሪካ ከተጠሩትም ፊልሞች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው በዩጋንዳ ሙዚቀኛና ፖለቲከኛ በቦቢ ዋይን ላይ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውድድሩን የሚከተል ነው። ሁለተኛው «ዮ ካፒታኖ» ይባላል፤ ሁለት የሴኔጋል ወጣቶች ሰሐራን አቋርጠው፣ በሊቢያ እስር ቤት አልፈው፣ በባሕር ወደ ጣልያን ሲጓዙ ያሳያል። ከእኛ ሰፈር ስንቱ በዚያው በረሃ እንዳለፈ ለሚያውቅ ሰው ፊልሙ እንደ ሩቅ አገር ታሪክ አይታይም። የታጨው ግን በጣልያን ስም ነው፤ ዳይሬክተሩ ማቴዎ ጋሮኔ ጣልያናዊ ናቸውና። አምርሬ አልናገርም፤ በቅንነትና በጥንቃቄ የተሠራ ፊልም ነው። ነገር ግን ልጄ «የእኛስ?» ስትለኝ የነገርኋት ይህን ነበር። ኢትዮጵያ «አትሌቱ»ን በ2010፣ «ድፍረት»ን በ2014፣ «ላምብ»ን በ2015 እ.ኤ.አ. ለውጭ አገር ፊልም ዘርፍ አቅርባ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ከዕጩዎቹ መካከል አልተጠራም። ኃይሌ ገሪማ ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የአካዳሚው ሙዚየም ሲመረቅ በልዩ ሽልማት ተከብረዋል። ልጄም «እንግዲህ እነርሱም በደብተርህ በስተቀኝ ናቸው» አለችኝ። ነበሩም።

ያን ቀን ማታ ነው ልማዴ ከወዴት እንደመጣ የገባኝ። ልጄ ተኝታ፣ ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለጥሁ ስሞቹን ሳነብ፣ የሊዮናርዶ ስም ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደረስሁ። ከስሙ በላይ፣ ከገጹ ጫፍ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ተጽፎ በኋላ የተሰረዘ አንድ ስም አለ። የራሴ ስም ነው። መቼ እንደጻፍሁትና መቼ እንደሰረዝሁት አላስታውስም። ለካ እኔ ለቀሩት የምቆረቆረው ፍትሕ ወዳድ ስለሆንሁ ብቻ አልነበረም።

የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት የተካሄደው ለመጋቢት 2 ቀን አጥቢያ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ነበር። በሜሪላንድ ገና የእሑድ ምሽት ነው። ጓደኛዬ በቴሌቪዥኑ፣ እኔ በልጄ ኮምፒዩተር እያየን በስልክ ተገናኘን። የእርሱ ሥዕል ከእኔው በጥቂት ሰኮንድ ይቀድም ነበር፤ ስለዚህ አሸናፊውን እርሱ ቀድሞ ይሰማል። ሆኖም እኔ እስክሰማ ድረስ ትንፍሽ አይልም። ፍጻሜውን ቀድሞ አለመናገርን እኔ ሳልማረው እርሱ እስከ ሽበቱ ይዞት ዘልቋል።

የወጥ ድርሰቱ ሽልማት ለ«አናቶሚ ኦቭ ኤ ፎል» ደራሲያን ተሰጠ። «ፓስት ላይቭስ» ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው፤ ምርጥ ፊልም እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበርና። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፣ በሌሊቱ ጨለማ ተከልዬ፣ ለ27 ዓመታት በሆዴ ያኖርሁትን ተናገርሁ።

«ያን ጊዜ ስምህ ሲወጣ ደስ አላለኝም ነበር» አልሁት። «ደስ ብሎኛል ብዬህ ነበር። ዋሽቼህ ነው።»

በወዲያኛው ጫፍ የቴሌቪዥኑ ጭብጨባ ይሰማ ነበር። ያ ጭብጨባ ወደ እኔ ኮምፒዩተር እስኪደርስ ድረስ አልመለሰልኝም።

«አውቅ ነበር» አለኝ። «ፖስታውን ለሦስት ሳምንት ፍራሼ ሥር የደበቅሁት ለምን ይመስልሃል? ሳንቲሟን ስንወረውር የወጣለት ሰው ተመልሶ መጥቶ መተረክ ነበረበት። እኔ የምመለስ አልመሰለኝም።»

ምን እንደመለስሁለት በደንብ አላስታውስም። «ስምንት ገጽ ጽፈህልኝ የለም እንዴ!» ያልሁት ይመስለኛል። እርሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሣንም፤ ሥነ ሥርዓቱም ቀጠለ። «ኦፐንሃይመር» እንደተገመተው ሽልማቱን ይሰበስብ ነበር፤ በጠቅላላው 7 አገኘ። የስኮርሲዝ ፊልም ከ10 ዕጩነቱ እስከዚያች ሰዓት አንድም አላገኘም። የቀረን ተስፋ ሊሊ ግላድስተን ብቻ ነበረች።

የመሪ ተዋናይት ተራ ሲደርስ ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። በእኔ መስኮት አምስቱ ዕጩዎች ገና በመጠበቅ ላይ ናቸው፤ ፖስታው አልተከፈተም። በስልኩ በኩል ጓደኛዬ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ሊሊ ብትጠራ ኖሮ ራሱን መግታት እንደማይችል ዐውቃለሁ፤ በልጅነታችንም ጀግናው ሲድን ከበሩ ገና ሳይወጣ ይጮኽ ነበር። አሁን ግን አልጮኸም። በጥቂት ሰኮንድ ብቻ ከእኔ ቀድሞ፣ ዝም አለ።

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ልጄም ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።